ልጅ ሲያድግ ቤቱም ይደግ

ሰው ለልጁ በየዓመቱ ልብስ ይለውጣል። እጅጌው ሲያጥር፥ ጫማው ሲጠብ «ልጄ አደገ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ገንዘብ ቢያጥረው እንኳ የታላቁን አሳጥሮ ለታናሹ ያለብሳል። ስለ ቤቱ ግን እንዲህ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ የተኛበት ጥግ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላውም የሚተኛበት ያው ጥግ ነው። ልብስ ሲጠብ በዓይን ይታያል፤ ቤት ሲጠብ ግን የሚታየው በወንድማማች ጠብ፥ በኩርፊያ፥ በትምህርት መድከምና ከቤት በመሸሽ ነው። እኛም ምክንያቱን ሳንመረምር ቀርተን «ይህ ልጅ ጠባዩ ተበላሸ» እንላለን።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ «ቤቱ የአባቴ ነው፤ ቤት ስለ ማደስ ማወቅ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ትል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በወላጅ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ነገ ጎጆ ትወጣላችሁ። ጎጆ የወጣ ሰው አንዱን ዓመት አልጋና ድስት ሲገዛ፥ ሌላውን ዓመት አራስ ሲያርስ፥ ሳያስበው ዐሥር ዓመት ያልፈዋል፤ ዞር ብሎ ሲያይ ልጆቹ አድገዋል፥ ቤቱ ግን ሙሽሮች የገቡበት ቤት እንደ ሆነ ቀርቷል። ስለዚህ አሳቡን አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። እኔም ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤትን ማደስ የቀለምና የመጋረጃ ነገር ከመሆኑ አስቀድሞ የፍርድ ነገር መሆኑን ነው። ግድግዳን ከመቀባት በፊት «በዚህ ቤት ውስጥ ለማን ምን ያህል ቦታ ይገባዋል?» ብሎ በእውነት መፍረድ ያስፈልጋል። ፍርዱ የቀና ከሆነ ጥቂት ገንዘብ ይበቃል፤ ፍርዱ ከተጣመመ ግን ብዙ ገንዘብ ቢፈስበትም ቤቱ አያምርም።

አባቶቻችን ይህን ነገር አላወቁም አይባልም። ባለጸጋው ግቢ ሲሠራ እልፍኙን ከአዳራሹ ይለይ ነበር፤ አዳራሹ ለግብርና ለእንግዳ፥ እልፍኙ ለቤተ ሰብ ነበረ። ድኻውም ቢሆን በአንዲት ክብ ጎጆ ውስጥ መደቡን፥ ምድጃውንና ጓዳውን ለየብቻ ያውቃቸው ነበር። በሐረርም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ቤት ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ በየትኛው መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ በዕድሜና በማዕርግ የታወቀ ነው። ግድግዳውንም የሚያስጌጡት ሴቶች በእጃቸው የሰፏቸው የስፌት ዕቃዎች ናቸው። ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ መልካም ቤት ማለት ሰፊ ቤት ማለት ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ቦታው የታወቀለት ቤት ማለት መሆኑን ነው።

ዛሬ በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ግን ያለን አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። አዳራሽና እልፍኝ በአንድ ጣራ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ክፍል ተጠቃለሉ። ጉዳቱ መጠቃለላቸው አይደለም፤ አዳራሹ እልፍኙን መዋጡ ነው። ሳሎን የምንለውን ክፍል እንመልከት። ሰፊው መስኮት ያለው በእርሱ ነው፤ ደኅናው አምፑል የሚበራው በእርሱ ነው፤ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፥ ቡፌው ማንም በማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተሞልቶ የሚቆመው በእርሱ ነው። በዓመት ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት ቀን ቢቈጠር በብዙ ቤት ጥቂት ሆኖ ይገኛል፤ በቀረው ጊዜ ክፍሉ የዕቃ ማደሪያ ነው። ልጆቹ ግን በጓዳው ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ። «የቤት ቀጋ፥ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ ዳሩ ግን ቤትም እንደ ሰው ለውጭው አልጋ፥ ለገዛ ቤተ ሰቡ ቀጋ ሊሆን ይችላል።

በመምህርነት ሳገለግል አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። አእምሮዋ ንቁ፥ ጠባይዋ ጨዋ ነበረ፤ የቤት ሥራዋ ግን አንድ ቀን የዘይት ነጥብ አርፎበት፥ አንድ ቀን ጥላሸት ነክቶት፥ ፊደሉም እየተንጋደደ ይመጣ ነበር። በጓደኞቿ ፊት ብጠይቃት እንደምታፍር ስለ ዐወቅሁ፥ አንድ ቅዳሜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ሄድሁ። አባቷ በር ድረስ ወጥተው በደስታ ተቀበሉኝና ወደ ሳሎን አስገቡኝ። ክፍሉ የሚያምር ነበር፤ ሶፋው ሲገዛ የለበሰው ላስቲክ ገና አልወለቀም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እጄን ለመታጠብ ወደ ጓሮ ብወጣ፥ ተማሪዬ በማጀቱ ውስጥ አንድ ጀሪካን አጋድማ፥ በላዩ ጣውላ አድርጋ፥ ከጢሱ የተነሣ ዓይኗን እየጠረገች ስትጽፍ አየኋት።

ተመልሼ ከተቀመጥሁ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ልጅዎ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ብትጽፍ ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው፥ «መምህር፥ እንግዳ ድንገት ቢመጣ የት አስቀምጠዋለሁ? ቤቴን ያየ ሰውስ ምን ይለኛል?» አሉኝ።

እኒህ ሰው ክፉ አባት አልነበሩም። ልጆቻቸውን ለማስተማር ቀን በተላላኪነት፥ ሌሊት በዘበኝነት የሚደክሙ ነበሩ፤ ሶፋውንም የገዙት በሁለት ዓመት ዕቁብ ነው። የሚፈሩት ድኽነትን ሳይሆን በድኽነት መታየትን ነበር። ይህ ፍርሃት በብዙዎቻችን ልብ ያለ ስለ ሆነ ልፈርድባቸው አልደፈርሁም።

«እኔም ዛሬ እንግዳዎ ነኝ» አልኋቸው። «እኔን ያከበረኝ ግን ሶፋው አይደለም፤ እርስዎ በር ድረስ ወጥተው መቀበልዎ ነው። ልጅዎ እዚህ ተቀምጣ ስታጠና ያየ ሰው ቤትዎን የሚንቅ ይመስልዎታል?»

እናትየዋ ረከቦቱን ይዘው ሲገቡ ሰምተውን ኖሮ፥ «እኔስ ይህን ስንት ጊዜ ተናገርሁ!» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አባትየው ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የልጆች እንዲሆን ተስማሙ። አንዲት ሳንቲም እንኳ አልወጣም። የልጅቱ ውጤት በአንድ ጊዜ አልተለወጠም፤ ደብተሯ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ሆነ፤ በክፍልም እጇን ማውጣት ጀመረች።

ይህን ስናገር እንግዳ መቀበል ይቅር ማለቴ አይደለም። እንግዳን ማክበር ካሉን መልካም ልማዶች አንዱ ነው፤ እርሱን ያጣ ቤተ ሰብ ብቸኛ ይሆናል። ነገር ግን ክብር በሰው ፊትና በሰው እጅ እንጂ በዕቃ አይሰጥም። ለእንግዳ ቦታ መልቀቅን ልጅ የሚማረው፥ የሚለቀው ቦታ ሲኖረው ነው። የራሱ ወንበር ያለው ልጅ አባቱ «ተነሥና ለጋሼ ቦታ ልቀቅ» ሲለው ደስ ብሎት ይነሣል፤ ቀድሞውኑ ወንበር ያልነበረው ልጅ ግን ከበስተ ኋላ ቆሞ እንግዳውን እንደ ቀማኛ ይመለከተዋል።

ልጅ በየዕድሜው ከቤት የሚፈልገው ነገር ይለያያል። እስከ አምስት ዓመቱ የሚፈልገው ወለል ነው። ደረቅና ንጹሕ ወለል፥ አንድ ሰሌን፥ ከምድጃና ከስለት የራቀ ጥግ ይበቃዋል፤ ለዚህ ዕድሜ ጌጠኛ አልጋ መግዛት የወላጅ ደስታ እንጂ የልጅ አይደለም። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደግሞ የሚፈልገው ጠረጴዛና ብርሃን፥ እጁ የሚደርስበት መደርደሪያና በቁመቱ ልክ የተመታ ምስማር ነው። ልብሱን መስቀያ ሳይደርስበት «ለምን መሬት ጣልኸው?» ብሎ መቈጣት ከግፍ ይቈጠራል። የሚጽፍበትንም ቦታ ስትመርጡ፥ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ብርሃኑ ከግራው፥ በግራ እጁ ለሚጽፍ ከቀኙ እንዲመጣ አድርጉ፤ አለዚያ የገዛ እጁ ጥላ በጽሑፉ ላይ እየወደቀ ዓይኑን ያደክመዋል። ይህ ለማስተካከል ጠረጴዛን ከማዞር በቀር ዋጋ የለውም።

ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ልጅ መጋረጃ ይፈልጋል። ይህን የምለው በምሳሌ አይደለም፤ ጨርቅ የሆነውን መጋረጃ ማለቴ ነው። በዚህ ዕድሜ አካሉም አሳቡም ይለወጣል፤ ልብሱን የሚለውጥበት፥ ሲከፋው ፊቱን የሚያዞርበት፥ የሚጸልይበት ስፍራ ያሻዋል። እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በአንድ ረጅም ክፍል እናድር ነበር፤ ለእያንዳንዳችን የተሰጠን አንድ አልጋ፥ አንድ የእንጨት ሣጥንና ስማችን የተጻፈበት አንድ መስቀያ ብቻ ነው። ዳሩ ግን የሌላውን ሣጥን ያለ ፈቃዱ የሚከፍት አልነበረም። «የእኔ» የሚለው ትንሽ ነገር ያለው ልጅ «የእርሱ» የሚለውን ማክበር እንደሚማር ያየሁት እዚያ ነው። ምንም የራሱ የሌለው ልጅ ግን የሰውን መንካት ነውር መሆኑ አይገባውም።

እዚህ ላይ ስለ ሴት ልጅ ለይቼ መናገር አለብኝ። በብዙ ቤት ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትገፋው እርሷ ናት። ለወንዱ አልጋ ሲገዛ እርሷ ከታናናሾቿ ጋር በአንድ ፍራሽ ትቀራለች፤ እርሱ ለማጥናት ሲቀመጥ እርሷ ዕቃ ታጥባለች። ቤቱን የምትጠርገው እርሷ ሆና ሳለ፥ ከጠረገችው ውስጥ ለእርሷ የሚሆን አንድ ክንድ አይገኝም። ልብስዋንና ንጽሕናዋን የሚመለከቱ ነገሮችን የምታኖርበት ቍልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን እንኳ ብታገኝ፥ ክብሯ የተጠበቀላት መሆኑን ታውቃለች። ቤት ሲታደስ የመጀመሪያዋ መጋረጃ የእርሷ ትሁን። ወንድሟም ይህን አይቶ ያደገ እንደ ሆነ፥ ነገ በራሱ ጎጆ ሚስቱንና ሴት ልጁን ማክበር አያስቸግረውም።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ ነገር እንምጣ። «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ተብሏል። እኔና ባለቤቴ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆችን ያሳደግነው በሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። በ1994 ዓ.ም. ታላቋ ልጃችን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፥ ቤቱን በጥቂት ቁጠባ እንደ ገና አደራጀነው። የተከተልነውን ተራ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ኋላ መሠራት የሚገባው ሥራ ቀድሞ ሲሠራ ነው።

መጀመሪያ ያወጣነው ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፥ የዛገ ቆርቆሮ፥ ባዶ ጠርሙስ፥ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ከአልጋ ሥር የተከማቸው ሁሉ ወጣ። ገሚሱን ቆራሌው ገዛን፤ ገሚሱን በልዋጭ ሰጠነው። ከዚህ የተገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም የተገኘው ቦታ ግን ብዙ ነበር። ቦታ ከሌለ ይልቅ ቦታ የተያዘበት ቤት ይበዛልና።

ሁለተኛው ሥራ ውሃን መከልከል ነው። ጣራው ቢያፈስ፥ የግድግዳው እግር እርጥበት ቢይዝ፥ ማናቸውም ቀለም ከአንድ ክረምት አያልፍም። ስለዚህ የላላውን የቆርቆሮ ምስማር አጠበቅን፤ በግድግዳው ሥር ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ደፈንን። አንድ ጎረቤት በሲሚንቶ እንድናስለስነው መክሮን ነበር፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሓድም፤ እርጥበቱን በውስጡ ያፍንና ከጊዜ በኋላ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ጭቃ ከጭቃ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው መከፋፈል ነው። በሳሎናችን ውስጥ አማቴ ለሠርጋችን የሰጡን ቡፌ ቆሞ ነበር። እኔ እንሽጠው አልሁ፤ ባለቤቴ ግን ስጦታ አይሸጥም አለች። ኋላ እርሷ ራስዋ ያመጣችው አሳብ ሁሉን አስታረቀ፤ ቡፌውን ከግድግዳው አላቅቀን በክፍሉ መካከል አቆምነውና ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ፊቱ ለሳሎኑ፥ ጀርባው ለልጃገረዶቹ ሆነ። በጀርባው ላይ አናጢ ሁለት የመጽሐፍ መደርደሪያ መታበት፤ ቡፌው ባልደረሰበት በኩል አቡጀዴ ተገዝቶ ባለቤቴ መጋረጃ ሰፋች። ከብርጭቆዎቹም ስድስቱ ለእንግዳ ቀርተው፥ የቀሩት ለቤቱ መጠጫ ሆኑ። ለወንዶቹ ልጆች ደግሞ ከመርካቶ፥ ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ እንጨት አናጢው ተደራራቢ አልጋ አደረገው። አማቴ ሊጠይቁን ሲመጡ ቡፌውን ዞረው ዞረው አዩና፥ «እኔ አንድ ቡፌ ብሰጣችሁ ሁለት አደረጋችሁት» አሉ።

አራተኛው ማንጣት ነው። ነጭ ግድግዳ ብርሃንን ስለሚመልስ አንድ አምፑል የሁለትን ያህል እንዲያበራ ይረዳል። ለጭቃ ቤት ደግሞ ከኖራ የሚስማማ የለም፤ ዋጋው ርካሽ ነው፥ ግድግዳውንም አያፍነውም። ነገር ግን ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደ እሳት ይፈላል፤ ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ቀደም ብሎ በውሃ አጥፍቶ ያቀዝቅዘው፤ ልጆች በዚያን ጊዜ አይቅረቡ። ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ አጥልሎ፥ እንዲይዝ ጥቂት ጨው ጨምሮ፥ ግድግዳውን በውሃ አርሶ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይሻላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ማስጌጥ ነው። በልጅነታችን ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ቤት ብዙ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ፊደል እየቈጠረ ማንበብ የተለማመደ ልጅም ጥቂት አይደለም። ዛሬም ግድግዳ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። አንድ የአገር ካርታ፥ አንድ የፊደል ገበታ፥ ልጁ ራሱ የሳለው ሥዕል፥ የአያት ፎቶግራፍ ቢሰቀሉበት፥ በውድ ከተገዛ የማናውቀው አገር ፏፏቴ ሥዕል የበለጠ ያምራል።

በሥራው ልጆችን ማሳተፍ ተገቢ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት እንዳለ ዐውቃለሁ። ለእራት አይበቃ ይሆናል፤ ልጅ የቀባው ግድግዳ ግን ዕድሜው ይረዝማል። የተዥጐረጐረ ቢሆንም ራሱ የቀባውን ግድግዳ በከሰል የሚሞነጭር ልጅ አላየሁም። ከዚህም በላይ ልጁ የድካምን ዋጋ፥ የብርን ልክ፥ የመመካከርን ልማድ ይማርበታል። ጊዜውንም የዘመን መለወጫ ያመቻል። ጳጉሜን አምስት፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን አላት፤ ከእነዚህ በአንዱ ምሽት ቤተ ሰቡ ተቀምጦ «በዚህ ዓመት ማን አደገ? ለማን ምን ይለወጥ?» ብሎ ቢመካከር፥ ዝናሙ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ በመስከረም ሥራውን መጀመር ይቻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በድሮ በርና መስኮት ላይ ያለ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም። ይህ ማዕድን በአቧራ መልክ ወደ ሕፃናት አካል ሲገባ አእምሯቸውንና ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ ያስታውቃል። በአገራችን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ አስቀድሞ የተቀባው ግን በየቤቱ አለ። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ በውሃ እያራሱ መፋቅ፥ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ መጣል፥ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ ክፍል ይራቁ። የልጅን ክፍል አሳምራለሁ ብሎ ልጅን መጉዳት ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

«ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ምን ላድርገው?» የሚልም አለ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሆነው በታወጁ ጊዜ ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ተብለው እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ በእነርሱም ሆነ በግል ኪራይ ቤት ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማፍረስና መጨመር አይቻልም። በአዲስ አበባ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም፥ ፎቁን የተሸከመውን ምሰሶና ግድግዳ መንካት ለጎረቤት ሁሉ አደጋ ነው። ነገር ግን መጋረጃ ለመዘርጋት፥ አልጋ ለማዞር፥ ቁም ሣጥንን ግድግዳ ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሲለቁም ይዘውት መሄድ የሚቻለው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ልጆች አድገው ሲወጡም የቤት ፍርድ አያበቃም። አንዳንድ ወላጅ ልጁ የተኛበትን አልጋ ዐሥር ዓመት ሳያነካ ያኖረዋል፤ ፍቅር ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን በዚያው ቤት አሮጊት አያት ብርድ ባለበት ጥግ የሚተኙ ከሆነ፥ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ለእርሳቸው ማዞር ይገባል። ልጅ ሲያድግ ቤት እንደሚሰፋለት፥ ሽማግሌ ሲደክም ደግሞ ቤት ሊቀርብለት ይገባዋል፤ ውሃው፥ መጸዳጃውና ምድጃው በጥቂት እርምጃ የሚገኝበት አልጋ ለእርሱ ከሐር ምንጣፍ ይበልጣል።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፥ ዛሬ በወላጅ ቤት ያላችሁ፥ አዲስ ዕቃ ይገዛልን ብላችሁ ወላጆቻችሁን አታስጨንቁ። ይልቁንም ከአልጋችሁ ሥር ያለውን አውጡ፤ ለታናሽ ወንድማችሁ በቁመቱ ልክ ምስማር ምቱለት፤ እኅታችሁ የምታጠናበትን ሰዓት ዕቃውን እናንተ እጠቡላት። ቦታ የምትለምኑ ብቻ ሳትሆኑ የምትሰጡም ሁኑ። ጎጆ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ ደግሞ፥ ለሰው ዓይን ብላችሁ በብድር የቤት ዕቃ አትግዙ፤ የምትገዙትንም ሁሉ ነገ የሚከፈል፥ የሚዞር፥ የሚታጠፍ፥ ከልጅ ጋር የሚለወጥ አድርጉት። ዕቃው ሰውን ያገልግል እንጂ ሰው ዕቃውን አያገልግል። ቀለም በየዓመቱ ይደበዝዛል፤ መጋረጃም ያረጃል። በልጅነቱ «ይህ የአንተ ቦታ ነው» የተባለ ሰው ግን የትም ቢሄድ ይህን ቃል አይረሳም፤ እርሱም በተራው ለሌላው ቦታ መስጠትን ያውቅበታል።